የገዛ ፋይላችንን ለምን እንገዛለን?

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ሳይተኛ የመጣም እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አፓርታማ ልከራይ ስል አከራዩ ክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም ብድርና ዕዳዬን እንዴት እንደምከፍል የሚያሳየውን መዝገብ፣ አምጣ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ «ነጻ ክሬዲት ሪፖርት» ብዬ ፈለግሁ። ከላይ የወጣልኝን ከፈትኩት። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ሞላሁ። መጨረሻው ላይ የካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። 1 ዶላር ብቻ ነው ይላል። ከሥር በደቃቃ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ አላነበብኩትም። አከራዩ እየጠበቀኝ ነው፤ ቤቱን ሌላ ሰው ሊቀድመኝ ይችላል። ካርዴን አስገባሁ፣ ሪፖርቱን አገኘሁ፣ ቤቱን ተከራየሁ። ነገሩን እዚያው ረሳሁት።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ባለቤቴ የባንክ ስቴትመንት እያገላበጠች «ይሄ በየወሩ የሚሄደው 24 ዶላር የምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ኋላ ሄደን ቆጠርነው። 13 ጊዜ ተቆርጧል። 312 ዶላር። ለመሰረዝ ስደውል ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው አዘዋወሩኝ። አንዷ በግማሽ ዋጋ ላድርግልዎ አለችኝ። ሌላው «ከተዉት ማንነትዎ ሲሰረቅ የሚነግርዎ አይኖርም» አለኝ። በመጨረሻ ሰረዙልኝ። የመለሱልኝ ግን የአንድ ወሩን ብቻ ነው።

ገንዘቡ አናደደኝ። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ወር ስከፍልለት የነበረው፣ ሪፖርቴን ተከታትሎ ለውጥ ሲኖር ሊነግረኝ የሚገባው አገልግሎት፣ ሪፖርቴ ውስጥ የኔ ያልሆነ የኮሌክሽን ዕዳ፣ ማለትም ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ፣ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። ዕዳው ከመጀመሪያውም ፋይሉ ውስጥ ስለነበር እንደ አዲስ ለውጥ አልተቆጠረም። እኔም ስኮሬን፣ ከሪፖርቱ ተሰልቶ የሚወጣውን ነጥብ፣ አየሁ እንጂ ሪፖርቱን ገጽ በገጽ አላነበብኩትም ነበር።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚሁ ነው። በየወሩ ከሚሸጥልን ነገር ዋናው፣ ሕጉ በነጻ የሰጠን ነው። እውነተኛ ጉዳት የሚያደርስብንን ስህተት ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አያስተካክለውም።

በመጀመሪያ ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች፣ ክሬዲት ቢሮ የሚባሉት፣ እነማን እንደሆኑ እንይ። ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። ብዙ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስሉታል። አይደሉም። አትራፊ የግል ኩባንያዎች ናቸው። ኢኩዊፋክስ የተመሠረተው በ1899 አትላንታ ውስጥ ነው፤ የመሠረቱትም ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ ነበር። ሥራው ቀላል ነበር። የትኛው ደንበኛ ዕዳውን በወቅቱ እንደሚከፍል መዝግቦ ለነጋዴዎች መሸጥ ነው። እያደገ ሲሄድ ስለ ሰዎች የግል ኑሮና ጠባይ ጭምር መመዝገብ ጀመረ። ሰዎቹ ግን ምን እንደተጻፈባቸው የማየት መብት አልነበራቸውም። ኮንግረስ ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለውን ሕግ በ1970 ያወጣው ለዚህ ነው። ኩባንያው አሁን የምናውቀውን ስም የያዘው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አንድ ነገር እንዲገባን ነው። ከመነሻው ጀምሮ የክሬዲት ቢሮ ደንበኛ ባንኩ፣ የመኪና ሻጩ፣ አከራዩ ነው። እኛ ደንበኞች አልነበርንም። እኛ የሚሸጠው ዕቃ ነበርን። ፋይል ክፈቱልኝ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ስህተት ሲሠሩብን ትቼው ሌላ ቢሮ እሄዳለሁ ማለትም አይቻልም። ሱቅ ቢያስቀይምህ ሌላ ሱቅ ትገባለህ። ከክሬዲት ቢሮ ግን መውጫ በር የለም። በኋላ ግን እኛም ገዢ መሆን እንደምንችል ደረሱበት። ፋይሉ የእኛ፣ ጭንቀቱም የእኛ። ጭንቀት ያለበት ሰው ደግሞ ይከፍላል።

በነገራችን ላይ እቁብ የምትጥሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጃችሁን አውጡ እስኪ። አያችሁ፣ ግማሹ አዳራሽ ነው። 10 ዓመት አንድ ዙር ሳያጓድል እቁብ የጣለ ሰው፣ በእኛ መካከል ከሱ የበለጠ የሚታመን የለም። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ግን አንድም መስመር የለውም። የቤት ኪራይም በአብዛኛው አይገባም። ስለዚህ ፋይሉ የእናንተን ታማኝነት የሚያውቀው በከፊል ብቻ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሰው አንገቱን ሊደፋ አይገባም።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልመለስ። በ2003 ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለ። ማንኛውም ሰው ከሦስቱም ቢሮዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን በነጻ እንዲያገኝ ወሰነ። ለዚህም አንድ ድረ ገጽ ተከፈተ። ስሙ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው። ሦስቱን ቃላት ሳትነጣጥሉ ትጽፏቸዋላችሁ። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020፣ ቢሮዎቹ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ፈቀዱ። በ2023 ደግሞ ይህ ቋሚ ሆነ። አሁን የፈለገ ሰው በየሳምንቱ ሦስቱንም ሪፖርቶች ያለምንም ክፍያ ማየት ይችላል። የካርድ ቁጥር አይጠየቅም።

ታዲያ ይህን ሰው ሁሉ ለምን አያውቀውም? ያኔ በቴሌቪዥን ጎልቶ ይወጣ የነበረው ሌላ ስም ስለነበር ነው። ፍሪ ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የሚባል ነበር። በዘፈን ነበር የሚያስተዋውቀው። ባለቤቱ የኤክስፔሪያን እህት ኩባንያ ነው። ሰው ነጻ ሪፖርቱን ሲወስድ ሳያውቀው በዓመት 79 ዶላር ከ95 ሳንቲም በሚያስከፍል የክትትል አገልግሎት ይመዘገብ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰው። በ2005 ኩባንያው 950,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2007 ደግሞ ስምምነቱን ጥሰሃል ተብሎ 300,000 ዶላር ጨመረ።

በ2010 አዲስ ደንብ ወጣ። ነጻ ሪፖርት ብሎ የሚያስተዋውቅ ሁሉ፣ ሕጉ የሚያውቀው ነጻ ድረ ገጽ ሌላ መሆኑን ከላይ ጎላ አድርጎ እንዲጽፍ አስገደደ። ያው ድረ ገጽ ምን አደረገ? ሪፖርቱን 1 ዶላር አደረገው። ዶላሩንም ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ አለ። 1 ዶላር ከተከፈለበት ነጻ አይደለም፤ ነጻ ካልሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን መጻፍ አይገደድም።

እኔ የከፈልኳት 1 ዶላር ትዝ አለቻችሁ? ያቺ ዶላር ትንሽ ናት፣ ግን ካርዱን ከኪስ ታስወጣለች። ካርዱ አንዴ ከገባ በኋላ ዝም ማለታችን እንደ እሺታ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜው 7 ቀን ወይም 30 ቀን ነው። ባለቀ ማግስት መቁረጥ ይጀምራል። በጃንዋሪ 2017 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትራንስዩኒየንንና ኢኩዊፋክስን የቀጣው በዚሁ ነገር ነው። ስኮር በነጻ ወይም በ1 ዶላር እያሉ ሰውን አስገብተው፣ ከዚያ በወር 16 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስከፍሉ ነበር። ለደንበኞች ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልሱ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ቅጣት እንዲከፍሉ ታዘዙ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኤክስፔሪያን 3 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

የቅጣቱ ሁለተኛ ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የሚሸጡልን ስኮር አበዳሪው የሚያየው ስኮር አልነበረም።

ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ስኮር አንድ ብቻ አይደለም። በጣም የታወቀው ፋይኮ ነው፤ በ1989 ነው የወጣው። ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ሦስቱ ቢሮዎች ደግሞ በ2006 ቫንቴጅ ስኮር የሚባል የራሳቸውን አወጡ። እሱም አሁን በ300 እና በ850 መካከል ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ፋይኮ ራሱ ብዙ ዓይነት አለው። የመኪና አበዳሪው አንዱን ያያል፣ የካርድ ኩባንያው ሌላውን። የሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ አበዳሪዎች ለረጅም ዓመታት የቆዩትን የፋይኮ ዓይነቶች ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከሦስቱ ቢሮዎች ያመጡና የመሃለኛውን ይወስዳሉ።

አንድ የማውቀው ሰው ቤት ሊገዛ ሁለት ዓመት ተዘጋጀ። በየወሩ እየከፈለ ስኮሩን ስልኩ ላይ ይከታተል ነበር። 720 ደረሰ። ተደስቶ ሞርጌጅ ሲጠይቅ አበዳሪው 678 ነው ያለህ አለው። ተታለልኩ ብሎ አበዳሪውን ተጣላው። አበዳሪው አልዋሸም። የስልኩም ቁጥር ውሸት አልነበረም። ዓይነቱ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የከፈለበት ቁጥር ግን የቤቱ ጉዳይ የሚወሰንበት አልነበረም። ስኮር ማየት የሚፈልግ ሰው ባንኩን ወይም የካርዱን አፕ ይክፈት። ብዙዎቹ ፋይኮ ስኮር በነጻ ያሳያሉ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነም ከሥሩ ይጽፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስም።

ለኛ ለሐበሾች ይህ ነገር የተለየ ነው። የነዚህ ድርጅቶች ኮምፒውተር የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ የአባት አለ፣ የአያት አለ። ፓስፖርቱ ላይ ሦስቱም ይሰፍራሉ። እዚህ ስንደርስ አንዱ ወረቀት የአባትን እንደ መጨረሻ ስም ይወስዳል፣ ሌላው የአያትን። የአንድ ሰው መንጃ ፈቃድ በአባቱ ስም፣ የባንክ ደብተሩ በአያቱ ስም የሆነበት ስንት ቤት አለ! ገብረ መድኅን ተነጥሎ ሲጻፍ መድኅን የአባት ስም ይሆናል። ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ጸጋዬን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጀምረዋል፣ ሌላው በሌላ። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጣ ሰው ደግሞ የልደት ቀኑ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል። አሁን አስቡት። አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች። የመጨረሻ ስማቸው አንድ ነው። አድራሻቸው አንድ ነው። የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። የመጀመሪያ ስማቸውም በአንድ ፊደል ይጀምራል። የአንዱ ዕዳ የሌላው ፋይል ውስጥ ቢገባ ምን ያስገርማል?

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ዕዳው የሆስፒታል ነበር። እኔ ሄጄበት በማላውቀው ስቴት ያለ ሆስፒታል። ሰውየው ከእኔ ጋር የስምም የአባት ስምም ሞክሼ ነው። የሚለየን የአያት ስም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለታችንም ወረቀት ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

ነገሩ ከዕዳም አልፎ ሊሄድ ይችላል። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው ከሚስቱና ከአማቱ ጋር መኪና ሊገዛ ሄደ። ሻጩ የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አየና አንሸጥልህም አለው። ስምህ የመንግሥት የሽብርተኞችና የዕፅ አዘዋዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ ስም ጋር ይመሳሰላል አሉት። መኪናውን ሚስቱ በስሟ ገዛች። ማስተያያው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። የልደት ቀን እንኳ አላመሳከሩም። እንዲህ ዓይነት ምልክት የተደረገባቸው 8,185 ሰዎች በአንድ ክስ ተሰበሰቡ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2021 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ካሣ የመጠየቅ መብት አላቸው አለ። የቀሩት ከ6,000 በላይ ሰዎች ፋይላቸው ውስጥ ያ ምልክት ነበረ፣ ግን እስካልተሸጠ ድረስ ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባለ። እኔ በዚህ ውሳኔ አልስማማም። ዕድላቸው ሆኖ በዚያን ሰሞን መኪና አልገዙም እንጂ ምልክቱ ያው ምልክት ነው።

ስህተት ምን ያህል እንደሚያጋጥም ለማወቅ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 1,001 ሰዎችን ይዞ ያጠናው ጥናት አለ። ውጤቱ በ2013 ወጣ። ከ4 ሰው 1 ስኮሩን ሊነካ የሚችል ስህተት ሪፖርቱ ላይ አገኘ። ከ5 ሰው 1 ደግሞ ቅሬታ አቅርቦ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርት ላይ አሳረመ። 5 በመቶ የሚሆኑት ስህተቱ ለብድር የበለጠ ሊያስከፍላቸው የሚችል ዓይነት ነበር።

5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሰው ኪስ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። 20,000 ዶላር የመኪና ብድር፣ በ5 ዓመት የሚከፈል። በ7 በመቶ ወለድ ከወሰድከው በወር 396 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ። በ14 በመቶ ከሆነ 465 ገደማ። በ5 ዓመቱ ሲደመር ልዩነቱ ከ4,100 ዶላር በላይ ነው። ለዚያው መኪና። በአብዛኞቹ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋም በክሬዲት ፋይል ይነካል። መኪና የምታሽከረክሩ ወንድሞቼ ይህን ልብ በሉ። የመብራት ዲፖዚትም እንዲሁ። ድብቁ ወጪ የምለው ይህን ነው። 24 ዶላሩ ቢያንስ ስቴትመንት ላይ ይታያል። ይሄኛው የትም አይታይም። ወለድህ ከፍ ያለው በስህተት መሆኑን የሚነግርህ የለም፤ አንተም የገበያው ዋጋ ነው ብለህ ትከፍላለህ።

የክትትል አገልግሎቱ ለዚህ ምን ይረዳል? አዲስ ነገር ሲገባ መልእክት ይልክላችኋል። ከገባ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ቀድሞ የገባውን አያወጣም። አዲሱንም አይከለክልም። መልእክቱ ደርሷችሁ ሲያበቃ ስልክ የምትደውሉት፣ ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተው ናችሁ።

መከልከል የሚችለው ፍሪዝ ነው፤ በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይወጣ ፋይላችሁን ለአዲስ አበዳሪ መዝጋት ማለት ነው። እሱ ደግሞ በነጻ ነው። የመጣበትን መንገድ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2017 የኢኩዊፋክስ መረጃ ተዘረፈ። የ147 ሚሊዮን ሰዎች ስም፣ የልደት ቀን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። ሊዘጋ የሚችል የሶፍትዌር ቀዳዳ ሳይዘጋ በመቅረቱ ነው የተገባው። ያኔ በብዙ ስቴቶች ፋይልን ፍሪዝ ለማድረግ ይከፈል ነበር። መረጃችንን ያስዘረፈ ራሱ በሩን ለመዝጋት እንዴት ያስከፍለናል ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ፍሪዝ ማድረግም ማንሳትም በመላ አገሪቱ በሕግ ነጻ ሆነ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቃችሁ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ መዝጋት አለባቸው። አንሱልኝ ስትሉ በ1 ሰዓት ውስጥ። ሦስቱም ቢሮዎች ጋር ለየብቻ ማድረግ ግን ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍሪዝ ስትፈልጉ ሎክ የሚል ነገር ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። በሥራው ይመሳሰላሉ። ሎክ ግን የኩባንያው አገልግሎት ነው፤ አንዳንዱ ከወርሃዊ ክፍያ ጋር ይመጣል። ፍሪዝ የሕግ መብት ነው። ፍሪዝ የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ እሱን ብቻ ተጫኑ።

የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁስ? ዲስፒዩት ማድረግ፣ ማለትም ይታረም ብሎ ቅሬታ ማቅረብ ነው። እኔ በመጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ አንድ ሳጥን ተጭኜ «ይህ የኔ አይደለም» አልኩ። ተረጋግጧል የሚል መልስ መጣ። ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ቅሬታችን ኢ-ኦስካር በሚባል ሲስተም ውስጥ ወደ አጭር ኮድ ተለውጦ ወደ ዕዳ ሰብሳቢው ይላካል። ሰብሳቢው ስሙ ገጥሟል ካለ እዚያው ያበቃል። ለሁለተኛ ጊዜ በደብዳቤ አደረግሁት። በፖስታ ቤት በሰርቲፋይድ፣ ደረሰኝ ተመላሽ ተደርጎ። የመታወቂያዬን ቅጂ አያያዝኩ። በተባለው ቀን እዚሁ ሥራ ላይ እንደነበርኩ የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ጨመርኩ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ይህ ሰውና እኔ ሁለት ሰዎች ነን፣ ፋይላችሁ ተቀላቅሏል ብዬ በግልጽ አስቀመጥኩ። ለሆስፒታሉ ዕዳ ሰብሳቢም ግልባጭ ላክሁ። በሕጉ መሠረት 30 ቀን አላቸው፤ አንዳንዴ 45። በ5ኛው ሳምንት ተሰረዘ።

ያ ደብዳቤ ከነፖስታው 10 ዶላር ገደማ ፈጀብኝ። 312 ዶላሩ ያላደረገውን አደረገ። ቢሮዎቹ ቅሬታን በትክክል አይመረምሩም የሚለው የእኔ ብቻ እሮሮም አይደለም። በጃንዋሪ 2025 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ኢኩዊፋክስን 15 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ክሬዲት አስተካክላለሁ ስለሚሉት ሰዎች ደግሞ ባጭሩ። በቴሌግራምም በቲክቶክም አሉ። በአማርኛም አሉ። እውነተኛ የሆነ ዕዳ በወቅቱ ካልተከፈለ ማንም ከፋይሉ ሊያወጣው አይችልም፤ በአብዛኛው 7 ዓመት ይቆያል። ስህተት ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ በነጻ ታሳርማላችሁ። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቀድሞ ማስከፈልን ይከለክላል። ውል ከፈረማችሁም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማፍረስ ትችላላችሁ። ሲፒኤን የሚባል አዲስ ቁጥር እንሰጣችኋለን የሚሉ ካሉ ሽሹ። በሶሻል ሴኩሪቲ ፋንታ ያን ቁጥር ብድር ማመልከቻ ላይ መጻፍ ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው በዚህ ቢጠመድ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆምኩና ጥያቄዎች መጡ። ከጥያቄዎቹ ሦስቱን ልጻፍ።

አንድ ወጣት «ሪፖርቴን ደጋግሜ ባየው ስኮሬ አይወርድም?» አለኝ። አይወርድም። ራሳችሁ ስታዩ የሚመዘገበው ሶፍት የሚባለው ነው። ስኮር የሚነካው ብድር ወይም ካርድ ስትጠይቁ አበዳሪው የሚያየው ነው። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ፈርቶ ፋይሉን ሳያይ ዓመታት ያሳልፋል።

ሌላዋ እህት አሁን እየተቆረጠባት እንደሆነ ነገረችን፤ መሰረዣውን ልታገኘው አልቻለችም። እንዲህ አልኳት። የኩባንያውን ስም ስቴትመንትሽ ላይ እንደተጻፈው ገልብጪ። በኢሜይል ጻፊላቸው፣ ቀኑ ይኑርበት። ስክሪኑን ፎቶ አንሺ። ከዚያ በኋላ ከቆረጡ ለባንክሽ ይህን ክፍያ አልፈቀድኩም ብለሽ አመልክቺ። በ2010 የወጣ ሕግ አለ፤ በኢንተርኔት እንዲህ የሚያስከፍል ሁሉ ውሉን በግልጽ ማሳየትና ቀላል የመሰረዣ መንገድ መስጠት አለበት ይላል። ለስቴትሽ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ቅሬታ ማስገባት ትችያለሽ። እኔ ያኔ እነዚህን ባውቅ ኖሮ ከአንድ ወር በላይ ይመለስልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛውም ኮምፒውተሩም አይሆንልኝም። ልጆቼ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ምን ላድርግ?» አሉ። እማማ፣ በስልክም ይቻላል አልኳቸው። 1-877-322-8228። ሪፖርቱ በፖስታ፣ ቤትዎ ድረስ ይመጣል። እንግሊዝኛውን ግን ለማያውቁት ሰው አያስነብቡ፤ ሶሻልዎ አለበት። ፎርሙን ዛሬውኑ አብረን እንሞላዋለን።

ከአዳራሹ ኋላ ሁለት ጠረጴዛና ሁለት ላፕቶፕ አዘጋጅተን ነበር። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮምን ከፈትን። ሲስተሙ ማንነት ለማረጋገጥ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የድሮ አድራሻ፣ የድሮ የመኪና ብድር። ለእማማ ከ11 ዓመት በፊት የኖሩበትን ጎዳና ስም ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና የቤቱን ቁጥር ጭምር ነገሩን። ከሦስቱ ቢሮዎች የሁለቱ ወዲያው ተከፈተ። ለሦስተኛው ፎርም ሞልተን በፖስታ ላክን። ከተከፈቱት በአንደኛው ላይ ስማቸው በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ አገኘነው። አንዱ የእህታቸው ነው። ደብዳቤውን መጻፍ የጀመርነው እዚያው ነው።